የምትመጣና የምትሄደው ቀይ መብራት

ከበደሌ በያዮና በሁሩሙ በኩል ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ክረምት ላይ የሚሠራ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል፤ ባለ ባትሪ ሥዕሏ ቀይ መብራት። ኩሬ ሲያልፉ ትበራለች፣ ዳገት ሲወጡ ትጠፋለች፣ ጋራዥ ሲደርሱ ጭራሽ የለችም። ያኔ «ባትሪው ሞቷል» ይባልና አዲስ ይገዛል። በማግስቱ መብራቷ አዲሱንም ባትሪ ይዛ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ዲናሞ በቺንጋ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ባትሪ ይሞላል፣ መኪናው ሲሄድ መብራቱንም ሬዲዮኑንም ይመግባል። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

እኔ የማደንቀው መብራቷን ነው። ሥዕሏ የባትሪ ይሁን እንጂ ባትሪውን አትለካም። እዚህ አካባቢ በሚበዙት የቆዩ ቶዮታዎችና አይሱዙዎች አንዱ ጫፏ በቁልፉ በኩል ከባትሪው፣ ሌላው ከዲናሞው ጋር ተያይዟል። ቁልፍ ሲከፈት ዲናሞው ገና ስላልዞረ የባትሪው ኃይል በእሷ አልፎ ይፈስሳል፤ ትበራለች። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲያመነጭ የሁለቱ ጫፎች ቮልት ይተካከላል፤ እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች የሚጓተቱት ገመድ እንደማይነቃነቅ ሁሉ በእሷም የሚያልፍ ነገር አይኖርም፤ ትጠፋለች። እንግዲህ ስትበራ የምትለው «ሁለቱ ወገኖች ተበላለጡ» ነው እንጂ «ባትሪ ግዙ» አይደለም። ማታ ብቻ ፍም መስላ የምትታይ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የተበላሸ ዳዮድ ወይም የላላ ግንኙነት ይጠርጠር። ቁልፍ ሲከፈት ጨርሶ የማትበራ ከሆነ ደግሞ «ተመስገን» ተብላ አትታለፍ። አንዳንዱ ዲናሞ ለመነሻ የሚሆነውን ኃይል የሚያገኘው በእሷ በኩል ስለሆነ፣ አምፖሏ ከተቃጠለች ሳይሞላ ሊውል ይችላል።

ሁሩሙ ላይ አንድ የሃይስ ሾፌር ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የባትሪውን ራስ ሊፈታ ሲል ደረስኩ።

«ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

«ተው ልጄ፣ አጥፋውና እንነጋገር!»

ይህን ፈተና ያስተማረውን ሰው ባገኘው እቆጣው ነበር። ባትሪው የዲናሞውን ትርፍ ኃይል ውጦ የሚያረጋጋ ነው፤ በድንገት ሲነሣ ቮልቱ በቅጽበት ይተኮስና ሬጉሌተሩን፣ ዳዮዱን፣ አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ርካሽ ቴስተር እያለ! ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከዚያ መብራቱ ሁሉ በርቶ አንዱን ጫፍ በዲናሞው ወፍራም ሽቦ መውጫ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ማድረግ ነው። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ የዛገ ወይም የላላ ማሰሪያ ይፈለግ። ችግሩ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ግን ቆሞ መለካት ብዙ አይረዳም። የቴስተሩን ሽቦ አስረዝሞ ወደ ጋቢና ማስገባትና መብራቷ በበራችበት ሰዓት ረዳቱ እንዲያነብ ማድረግ ይሻላል።

የዚያ ልጅ ዲናሞ ጀርባው በዘይት ረጥቦ ነበር። ባለ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ፍሬኑን የሚያለሰልሰው ቫኪዩም ፓምፕ የሚገጠመው እዚያው ዲናሞው ጀርባ ነው፤ የሚለሰልሰውም በሞተር ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ሲበላ ዘይቱ በዲናሞው ውስጥ ኃይል ወደሚያስተላልፉት ካርቦኖች ይሰርጋል፣ ከብናኛቸው ጋር ተለውሶ ያጣብቃቸዋል። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ይላቀቃሉ፣ መልሰው ይያዛሉ፤ መብራቷም እነሱን ተከትላ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ካርቦን ብቻ ቀይሮ ጎሚኒውን መተው ገንዘብ መጣል ነው፤ ፍሬኑም አብሮ መታየት አለበት።

ቡና ጫኝ አይሱዙዎች ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። ሁለት ባትሪ ተቀጣጥለው 24 ቮልት ይሰጣሉ፤ አንዳንዱ ሾፌር ግን ለቴፑ 12 ቮልት የሚስበው ከአንደኛው ብቻ ነው። ዲናሞው ድምሩን እንጂ እያንዳንዱን ስለማያይ አንዱ ሳይሞላ፣ ሌላው ከልክ በላይ ሲሞላ ይኖራሉ። ድምሩ እስካልጎደለ ድረስ መብራቷ ይህን አትናገርም። ለቴፑ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ይገጠምለት።