ወድቆ የተነሣው ሰው ለምን አያስታውስም?

በሐረር ፈረስ መጋላ አንድ ወጣት ድንገት ሲወድቅ አየሁ። ሰውነቱ ደርቆ ይንዘፈዘፍ ጀመር። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ሌላው ጥርሱን የሚያላቅቅበት ማንኪያ ፈለገ፤ የቀሩት ትንፋሹ እንዳይነካቸው ራቁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወጣቱ ቀና ብሎ «ምን ሆኜ ነው?» ሲል ጠየቀ። አንገቱ ላይ ክታብ ታስሮ ነበር።

እንደሚታወቀው የሚጥል በሽታ በብዙዎቻችን ዘንድ የጋኔን ልክፍት ይባላል፤ ነገሩ ግን የአንጎል ሕመም ነው። የአንጎል ሕዋሳት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ይነጋገራሉ። እጅግ ብዙዎቹ ያለ ሥርዓት ባንድነት ሲነሡ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ የሚሆነውን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍልም ሥራውን ስለሚያቋርጥ፥ ሲነቃ የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም።

ይህ መዝጋቢ ክፍል የታወቀበት ታሪክ ራሱ ከዚሁ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። (ዘመኖቹን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።) ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ የሚጥል በሽታ ስለ ጸናበት፥ በ1953 ሐኪሙ ዊሊያም ስኮቪል ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል ከአንጎሉ ከግራም ከቀኝም ቈርጠው አወጡለት። መውደቁ ቀነሰ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር መያዝ አልቻለም። የሥነ ልቡና ሊቅ የሆኑት ብሬንዳ ሚልነር ከካናዳ እየተመላለሱ መረመሩት። በመስተዋት እያየ ኮከብ እንዲሥል ሲያደርጉት እጁ ከቀን ወደ ቀን ሠለጠነ፤ እርሱ ግን ሥሎ እንደሚያውቅ እንኳ አያስታውስም ነበር። ስለዚህ እጅ የሚማርበትና ልብ የሚያስታውስበት መንገድ የተለያየ ነው ማለት ነው። ሞሌይሰን በ2008 እስኪሞት ድረስ ሲጠና ኖረ።

ከሞንትሪያል ወደ ቡታጅራ ስንመለስ ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ ይኸውም በአገራችን ስንት ሰው ይወድቃል? የሚለው ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ጓያ እግርን እንዴት እንደሚያሰንፍ ያጠኑ ናቸው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የቡታጅራው ሥራቸው ነው። ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ መጠበቅ ትክክለኛውን ቍጥር አይሰጥም፤ የሚወድቅ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ልጁን ይሸሽጋልና። ስለዚህ ከ1986 እስከ 1988 የሠለጠኑ ጠያቂዎች በመስቃንና ማረቆ በየቤቱ እየገቡ ጠየቁ፤ ምልክት የተገኘበትን ሁሉ ሐኪም መረመረው። ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ነው። የታወቀ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም፤ የብዙዎቹ ተስፋ ጠበል፥ ክታብና ሥራ ሥር ነበር። ሕዝቡ በሽታው በንክኪ ይተላለፋል ብሎ ስለሚያምን እሳት ላይ የወደቀውን ለማንሣት እንኳ የሚፈራ ነበር። ሰው በፍርሃት ምክንያት ይቃጠላል ማለት ነው!

በሽታው በምራቅም በትንፋሽም አይተላለፍም። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ኪኒን ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ ኖሯል፤ ሐኪም ባዘዘው መጠን በየቀኑ ሲወሰድ የብዙውን ሰው መውደቅ ይገታል፤ በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። የወደቀ ሰው ብታዩ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፤ በጐኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታግቡ፤ ክብሪቱም አይረባውም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ወጣቱን ኪኒን ወስዶ ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ለዚህ ኪኒን አለ ወይ? አለኝ። ከስንት ዓመቱ ጀምሮ እንደሚወድቅ ብጠይቀው ግን መልሱን ያገኘሁት ከእርሱ ሳይሆን አብራው ከነበረችው እኅቱ ነው፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ነው አለችኝ።