ሁለቱ የሃይፋ በረሮዎች

በሃይፋ ቤቶች የሚታየው በረሮ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ማታ ማታ ከመታጠቢያ ቤት ወለል ብቅ የሚለው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቀይ ቡናማ በረሮ ነው። ሌላው ከፍሪጅና ከምድጃ ጀርባ የሚርመሰመሰው፣ ርዝመቱ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፈው ገርጣ ያለ ቡናማ ነው። በእስራኤል ሁለቱም በጅምላ «ጁክ» ይባላሉ፤ ለሁለቱም የሚነሳው ያው አንድ ጣሳ ፍሊት ነው። ነገር ግን ትልቁ ከውጭ ሰርጎ የሚገባ ነው፤ ትንሹ ደግሞ ቤት ውስጥ ተወልዶ ቤት ውስጥ የሚሞት። ለአንዱ የሚበጀው ዘዴ ለሌላው ድካም ብቻ ሆኖ ስለሚቀር መጀመሪያ የትኛው እንደገባ መለየት ያስፈልጋል።

ትልቁ «የአሜሪካ በረሮ» የሚባለው ነው። ይህን ስም በ1758 ያወጣለት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ ቢሆንም፣ የበረሮው ትውልድ አፍሪካ ነው፤ አሜሪካ የደረሰው በመርከብ ተጭኖ ነው። ከአንገቱ በላይ ያለው ጋሻ መሰል ክፍል ዙሪያው ቢጫ ጠርዝ ስላለው በቀላሉ ይታወቃል። ኑሮው በፍሳሽ ቱቦ፣ በማንሆልና በእርጥብ ምድር ቤት ነው። ሃይፋ ደግሞ ትመቸዋለች። ከተማዋ በቀርሜሎስ ተራራ ቁልቁለት ላይ የተሠራች ናት፤ እንደ ሃዳር ባሉት ሰፈሮች ከእንግሊዞች ዘመን የቀሩ አሮጌ ሕንፃዎች አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል፤ የባሕሩ እርጥበትም በበጋ ሌሊት እንኳ አይለቅም። ሙቀቱ በበረታ ማታ ክንፉን ዘርግቶ በተከፈተ መስኮት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም ያኔ ነው። ሆኖም አንድ ሁለት ትልልቅ በረሮ መታየቱ ጓዳው ተወሯል ማለት አይደለም። ሴቷ በአንድ የእንቁላል ከረጢት ውስጥ 16 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ግልገሉ ለመራባት እስኪደርስ ግን ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የሚገባበትን በር ለማወቅ የመታጠቢያ ቤቱን የወለል ፍሳሽ ክዳን ማንሳት ይበቃል። ከክዳኑ ሥር ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ክፍል አለ። እዚያ የተኛው ውሃ ከቱቦው የሚመጣውን ሽታ ይዘጋል፤ ከታች የሚወጡትንም ነፍሳት አብዛኞቹን ያግዳል። ውሃው ሲደርቅ ግን ቤቱና የፍሳሽ መስመሩ አንድ ክፍል ሆኑ ማለት ነው። በስፖንጃ፣ ማለትም ወለሉ ላይ ውሃ አፍስሶ፣ ቤቱን የሚያጥብ ሰው ሳያስበው ይህን ጎድጓዳ ይሞላዋል፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ የሚጠርግ፣ ወይም ሁለተኛ መታጠቢያ ቤቱን የማይጠቀምበት ቤተሰብ ግን በበጋ በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ ቢያፈስበት ይበጀዋል። ርካሽነቱን አይተው የሚንቁት ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ከብዙ መርጫ የተሻለ ይሠራል። በክዳኑ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት መጨመር፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ቱቦው ግድግዳ የሚበሳበትን ዙሪያ በሲሊኮን መድፈን፣ በውጭ በር ሥር ጎማ ማድረግ፣ የማዝጋን (የአየር ማቀዝቀዣ) ቱቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ መዝጋት የዚሁ ሥራ ክፍል ናቸው። ጠባብ ነው ተብሎ የሚታለፍ ስንጥቅ ሊኖር አይገባም፤ በ2016 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሜሪካ በረሮ አካሉን ጠፍጥፎ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፍተት ማለፍ እንደሚችል አሳይተዋል።

ትንሹ «የጀርመን በረሮ» ነው። ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመሮች ጎን ለጎን ይታዩበታል፤ ክንፍ ቢኖረውም አይበርም። በ2024 የታተመ የዘር ጥናት እንዳሳየው ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ እስያ ከሚኖር የዱር ዘመዱ ተለይቶ ሰው ቤት የገባ ነው፤ ዛሬ ከሰው መኖሪያ ውጭ የሚኖርበት ዱር የለውም። ሴቷ እንቁላሉን መሬት ላይ ጥላ አትሄድም፤ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘውን ከረጢት ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ከሆዷ ጫፍ አንጠልጥላ ትዞራለች። ሙቀት ባለበት ጓዳ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል። በዚህ ፍጥነት ነው በፀደይ አንድ ሁለት የነበሩት በበጋው መጨረሻ የማይቆጠሩ የሚሆኑት። ጥቁሩ የምሥራቅ በረሮና በቁም ሳጥን አናት፣ በቴሌቪዥን ጀርባ የሚደበቀው ባለ ቡናማ ቀበቶ በረሮም በእስራኤል አሉ፤ የችግሩ አብዛኛው ድርሻ ግን የአሜሪካውና የጀርመኑ ነው።

የጀርመን በረሮ መኖሩን ለማረጋገጥ ጓዳው ከጨለመ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ በባትሪ ማየት ጥሩ ነው። የፍሪጁ ሞተር አካባቢ፣ የቁም ሳጥን ማጠፊያ፣ የቡና ማፍያ ማሽን ሥር፣ የመሳቢያ ጀርባ መታየት አለባቸው። ኩሱ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተበተነ ይመስላል፤ የተገፈፈ ቆዳና ባዶ የእንቁላል ከረጢትም አጠገቡ ይገኛሉ። ቁጥሩ ሲበዛ የሻገተ ቅባት የሚመስል ሽታ ይሰማል። በቀን ብርሃን መታየት ከጀመሩ መደበቂያው ሞልቷል ማለት ነው። ከዕቃ መሸጫ የሚገዛ የሙጫ ወጥመድ በተለያየ ጥግ ተቀምጦ በሳምንቱ ሲታይ ብዙ የተያዘበት ጥግ ጎጆው የት እንዳለ ይጠቁማል።

ጉዳዩ መጸየፍ ብቻ አይደለም። ከበረሮ ቆዳ፣ ከምራቁና ከኩሱ የሚወጡት ፕሮቲኖች በአቧራ ውስጥ ተቀላቅለው የልጆችን አስም ይቀሰቅሳሉ። በፍሳሽና በቆሻሻ ላይ ሲመላለስ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችንም በእግሩ ይዞ ወደ ምግብ ያደርሳል።

የጀርመን በረሮ በአብዛኛው የሚገባው በዕቃ ነው፤ በካርቶን፣ በአሮጌ ፍሪጅ፣ በሻንጣ፣ አንዳንዴም ከጎረቤት በግድግዳ ቱቦ። ስለዚህ የጤፍ ከረጢትም ሆነ የበርበሬና የሽሮ ጥቅል የመጣበት ካርቶን ሳይውል ሳያድር ቢጣል ይሻላል፤ በካርቶን እጥፋት ውስጥ ተደብቆ መቆየት ይወዳልና። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ዋናው መመርመሪያ ቦታ ምጣዱ ነው። በረንዳ ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተጋገረ በኋላ ለረጅም ሰዓት ሙቀቱን ይይዛል፤ ከእግሩ ሥርና ከጠርዙ ላይ ደግሞ የፈሰሰ ሊጥ ደርቆ ይቀራል። ሙቀትና ምግብ ተገናኝተዋል። የቡሆው ባልዲ ክዳን ጠርዝም እንደዚሁ ነው፤ የቦካ ነገር ሽታ ይስበዋል። ወጥ የነካውን ድስት ሳይታጠብ ማሳደር፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሳይጠገን መተው ያው ነው፤ በረሮ ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ሲችል ያለ ውሃ ብዙ አይዘልቅም። ቤቱ ሁሉ ተገልብጦ የሚጸዳበት የአይሁድ ፋሲካ ዋዜማ ከሙቀቱ ወራት ስለሚቀድም ስንጥቆችን ለመድፈን ተስማሚው ጊዜ ነው።

መድኃኒት ካስፈለገ ፍሊት የሚገድለው የታየውን ነው። ከተደበቁት ጥቂቱን ይበታትናል እንጂ አይጨርስም፤ የጀርመን በረሮም ብዙዎቹን የተለመዱ መርጫዎች ተቋቁሟል። ክፍሉን በጭስ የሚሞሉት ጣሳዎችም በ2019 በአሜሪካ በአፓርታማዎች ሲሞከሩ የበረሮውን ቁጥር አልቀነሱም። የተሻለው የማማለያ ጄል ነው። በትንንሽ ነጥብ በማጠፊያና በስንጥቅ ውስጥ ይቀባል፤ የበላው በረሮ ወደ ጎጆው ተመልሶ ይሞታል፣ ኩሱንና ሬሳውን የሚበሉትም ይመረዛሉ። ጄል በተቀባበት አጠገብ ፍሊት መንፋት ግን ሥራውን ያበላሻል፤ ሽታው ያርቃቸዋልና። አንዳንድ የበረሮ ዘር በማማለያው ውስጥ ያለውን ግሉኮስ መሸሽ እንደጀመረ በ1993 ተጽፏል፤ በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው እነዚህ በረሮዎች ግሉኮስ ይመርራቸዋል። አንዱ ጄል ካልሠራ ሌላ ዓይነት የሚሞከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወረራው ከከፋ ማድቢር፣ ማለትም የተባይ ማጥፊያ ባለሙያ ይጠራል። በእስራኤል ፈቃዱን የሚሰጠው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ነው፤ ሙያውን የሚገዛ ሕግም በ2016 ወጥቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 2014፣ በኢየሩሳሌም አንድ ቤት ውስጥ ለተባይ ተብሎ ከተቀመጠ፣ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ከሚያመነጭ መርዝ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾች ሞተዋል። ባለሙያው ፈቃዱን እንዲያሳይ፣ የሚጠቀመውን መድኃኒት ስምና ወደ ቤት የሚመለሱበትን ሰዓት በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ነዋሪው ሊያፍርበት የማይገባ ነገር ነው።

የመንገድ ማንሆል በረሮ ሲያፈላ ለከተማው አስተዳደር በ106 ይደወላል። በሕንፃው ግቢ ውስጥ ያለው ማንሆልና የጋራ ቱቦ ግን የነዋሪዎቹ ስለሆነ በቫአድ ባይት፣ ማለትም በሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ በኩል፣ ሁሉም ቤቶች በአንድ ጊዜ ቢሠሩት ይሻላል፤ አንድ ቤት ብቻ ሲረጭ የተረፉት በግድግዳው ቱቦ ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ፣ ሲረጋጋም ይመለሳሉ።