ስለ ጉበት ካንሰር የሚጠቁመው ቁጥር ብቻውን አይፈርድም

በሰሜን ጎንደር ዞን አዲ አርቃይ የሚኖር አንድ ሰው ቀኝ ጎኑን ያመዋል፣ ይከሳል፣ ምግብም ያስጠላዋል እንበል። ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ ጎንደር ሆስፒታል ይደርሳል። እዚያም የደም ምርመራ ታዞለት «አልፋ ፌቶፕሮቲን» ከሚል ስም ጎን ቁጥር የሰፈረበት ወረቀት ይቀበላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቤተሰቡ ተስፋ ይቆርጣል፤ ዝቅ ካለ «ነጻ ነኝ» ብሎ ወደ ቆላው ይመለሳል። ሁለቱም መሳሳት ሊሆን ይችላል።

አልፋ ፌቶፕሮቲን በዋናነት የጽንስ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። እንዲመረት የሚያዘው ዘረመል አራተኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ከተወለድን በኋላ ሥራው እየቀነሰ ሄዶ ዝም ይላል ማለት ይቻላል። የጉበት ሕዋሳት ወደ ካንሰር ሲለወጡ ግን ብዙ ጊዜ እንደገና ይቀሰቀሳል። የሶቪየቱ ተመራማሪ ዩሪ ታታሪኖቭ ፕሮቲኑን በጉበት ካንሰር ሕሙማን ደም ውስጥ ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር።

ችግሩ ዘረመሉን የሚቀሰቅሰው ካንሰር ብቻ አለመሆኑ ነው። በሄፓታይተስ የተጎዳ ጉበት ራሱን ሲጠግንም ቁጥሩ ይጨምራል። በነፍሰ ጡር ሴት ደም ውስጥም ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። በጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ናኖግራም በታች ሲሆን፣ ከ400 ሲያልፍ የካንሰር ጥርጣሬው ይበረታል። በሌላ በኩል ከሦስት የጉበት ካንሰር ሕሙማን በአንዱ ገደማ ቁጥሩ ላይጨምር ይችላል። ለዚህ ነው አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ሲቲ ስካን አብሮ የሚታዘዘው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ይመርመር? አይደለም። ክትትሉ በተለይ የሚያስፈልገው ጉበቱ ጠባሳ ለያዘ፣ ወይም ሄፓታይተስ ቢ ኖሮበት በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር ለታየ ሰው ነው፤ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድና ይህ የደም ምርመራ ይደረግለታል። የቫይረሱን መድኃኒት መውሰድ አደጋውን ቢቀንስም ክትትሉን አያስቀርም።

የዓይን ቢጫ መሆንን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል እየጠጡ ወራት ማሳለፍ ግን ውድ ጊዜን ያባክናል፤ አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው አልተከተበም። ቫይረሱ ይኑርበት አይኑርበት በደም ምርመራ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ክትትል ላይ ያለ ሰው የቀድሞ ውጤቶቹን ይዞ ይሂድ። ሐኪሙ ከአንዱ ቀን ቁጥር ይበልጥ ቁጥሩ በወራት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ማየት ይፈልጋልና።