መርዶው ዘግይቶ ሲመጣ

በአገራችን መርዶ ወግ አለው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ዘመድ ተጠራርቶ ይመክራል። "ማን ይንገራት? መቼ ትስማ?" ይባላል። ሌሊቱን እንኳ ትተኛ ይባልና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው፣ ንስሐ አባቱና የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። በሩን የከፈተ ሰው በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ነገሩ ሳይነገረው ይገባዋል። ከዚያማ ለቅሶው አለ፣ ድንኳኑ አለ፣ ንፍሮው አለ። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው አለ። ሐዘንተኛ በዚያ መንገድ እየተደገፈ ይሄዳል።

ግን መርዶው ሦስት ወር ዘግይቶ ቢመጣስ? ሟች ተቀብሮ፣ አርባው አልፎ፣ ሰማንያው አልፎ፣ ጎረቤት ለቅሶውን ጨርሶ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ "እናትሽ ሞታለች" ቢባልስ? ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው።

የሲሪንቃዋ ልጅ

ሲሪንቃ ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ በመርሳና በወልዲያ መካከል ያለች ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ወልዲያንና አካባቢውን ሲይዙ እሷም ከቀረው አገር ተቆረጠች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ዝም አለ፣ ባንክ ተዘጋ። የምርምር ማዕከሉም ተዘረፈ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ፣ አራት ወር ገደማ፣ አዲስ አበባ ያለ የሰሜን ወሎ ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚሰማው "ማግኘት አይቻልም" የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ብቻ ነበር።

ታሪኳን የማጫውታችሁ ልጅ ከእነዚህ አንዷ ናት። አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሲሪንቃ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ መድኃኒቱን በየወሩ የምትልክላቸው እሷ ነበረች። መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱም ቀረ። እናት በመስቀል ሰሞን አረፉ። ልጅ አልሰማችም። በየቀኑ ትደውላለች፣ ታለቅሳለች። ጥቅምት ላይ ጓደኞቿ "እንዲህ ሆነሽ ልትሞቺ ነው እንዴ?" ብለው ጎትተው ሠርግ ወሰዷት። ሠርጉ ላይ ጨፈረች። እናቷ አፈር ከገቡ ገና ወር አልሞላቸውም ነበር።

አካባቢው ከተለቀቀ በኋላ አጎቷ ስልክ ወዳለበት ወጥቶ ደወለላት። "እናትሽን ትንሽ አሟታል" አላት። ይህችን አነጋገር የማያውቅ ሐበሻ አለ? ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቿ ማለዳ መጥተው ነገሯት። ለገና ለእናቷ የገዛችው ነጠላ እንደ ታጠፈ አልጋዋ ላይ ነበር።

ከዚያ የሆነውን እሷ ስትነግረኝ እንዲህ አለች፦ "ሰው መጣ፣ ሁለት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። አንዷ ደንበኛ 'ከሞቱ ቆይቷል እኮ፣ አሁንም ታለቅሻለሽ?' አለችኝ። ለሌላው ሰው ሦስት ወሩ ነበር። ለእኔ ግን ሦስት ቀኔ ነው። ደግሞ ሌሊት ሌሊት የሚታየኝ ያ ጭፈራ ነው። እናቴ አፈር ገብታ እኔ እስክስታ ስወርድ! እግዜር እያየኝ እንዴት ዝም አለኝ?"

ምግብ አስጠላት። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። ምክንያቷን ስጠይቃት "ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?" አለችኝ።

ብቻዋን አይደለችም

ወሎ ይህን ዓይነቱን ሐዘን ዛሬ አልጀመረውም። በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ረሃብ እህል ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ የት እንደ ወደቀ ያልታወቀ ስንቱ ነው! ኮረም መጠለያ የሞተውን ሁሉ በወጉ ያለቀሰለት የለም። ብዙ ቤተሰብ እስከ ዛሬ የሞቱን ቀን እንኳ አያውቅም።

ወዲያ ማዶም ያው ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የሦስት ቀን ሐዘን አውጆ በጦርነቱ የሞቱት ልጆች መርዶ በየቤቱ ተነገረ። ልጇን አንድ ሁለት ዓመት "ይመጣል" ስትል የቆየች እናት በአንድ ጠዋት ሰማች። መርዶ ሲዘገይ የሚያሳምመው ወገን ለይቶ አይደለም።

ዘግይቶ የደረሰው እንግዳ

እኔ ቄስም ሐኪምም አይደለሁም። ነገር ግን ይህችን ልጅ ካገኘሁ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ስገልጥ፣ ዘግይቶ ለቅሶ የደረሰ ሰው አገኘሁ። ራሱ ጌታ ነው! ወዳጁ አልዓዛር ታሞ መልእክት ተላከበት፤ ቢታንያ የደረሰው ግን አልዓዛር ከተቀበረ በአራተኛው ቀን ነው። ማርታ መንገድ ወጥታ ተቀበለችው። ቀድመህ ብትደርስ ወንድሜን አላጣውም ነበር የሚል ወቀሳ አቀረበችለት። እሱ ግን አልተቆጣትም። "አራት ቀን አልፏል፣ ለቅሶው ይብቃ" አላለም። ከእህትማማቾቹ ጋር አለቀሰ። ከመቃብር ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ!

ሌላው ነህምያ ነው። ከአገሩ ርቆ በፋርስ፣ ሱሳ በምትባል ከተማ፣ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆኖ ይኖር ነበር። ልክ እንደ እኛ የከተማ ሰው በሉት። አንድ ቀን ከአገር ቤት ወንድሙ መጣና የኢየሩሳሌም ቅጥር ፈርሶ፣ በሮቿ ተቃጥለው፣ ሕዝቡ በመከራ ላይ እንዳለ ነገረው። ነህምያ "የቆየ ወሬ ነው" ብሎ ወደ ሥራው አልሄደም። ተቀመጠ፣ አለቀሰ፣ ቀናት አዘነ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ከአራት ወር በኋላ እንኳ ንጉሡ ፊቱን አይቶ ሐዘኑን አወቀበት። ከዚያ ፈቃድ ጠይቆ ወደ አገሩ ሄደ።

ከሁለቱ የተረዳሁት ይህን ነው። ሐዘን የሚቆጠረው ሟች ከሞተበት ቀን ሳይሆን ልብ ከሰማበት ቀን ነው። አርባው አልፏልና አታልቅሺ የሚል ሕግ የለም።

ንስሐ አባቷ ምን አሏት?

ልጅቷ በመጨረሻ ዘመዶቿ ጎትጉተዋት ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። የጭፈራውን ነገር እያለቀሰች ነገረቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሏት፦ "ልጄ፣ አንቺ የጨፈርሽው እናትሽ በሕይወት አለች ብለሽ ነው። ኃጢአት አውቆ የሚሠሩት ነው። አንቺ ያልሰማሽውን እሱ ያውቃል። ደግሞ ጸሎት ጊዜው አለፈበት አይባልም፤ መንፈቁ አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ፤ ምጽዋትስ በየትኛው ቀን ይከለከላል?"

ያን ዕለት ነጠላውን አውጥታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጡ አንዲት ደካማ አሮጊት በእናቷ ስም አለበሰቻቸው።

ጥር ላይ አገሯ ገባች። አዲስ አበባ ዕድር የምንለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የቅሬው ሰዎች እንደ አዲስ ተሰብስበው ከእሷ ጋር ለቅሶ ተቀመጡ። እናቷ ሲቀበሩ ሰው ፈርቶ የቅሬው ጡሩምባ ሳይነፋ፣ ድንኳን ሳይጣል፣ ጥቂት ሰው ብቻ ወጥቶ እንደ ቀበራቸው ያኔ ሰማች። ካህኑ ግን ፍትሐቱን አድርሰው ነበር። እስላም ጎረቤታቸው፣ የእናቷ የቡና ጓደኛ፣ እጇን ይዘው "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። እናትሽ እስከ መጨረሻው ስምሽን እየጠራች ትመርቅሽ ነበር። ብቻዋን አልነበረችም፣ እኔ ነበርኩ" አሏት። ልጅቷ እንደ ነገረችኝ፣ እንቅልፍ የተመለሰላት ይህን ከሰማች በኋላ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መርዶ ዘግይቶ የደረሰህ ወንድሜ፣ የደረሰሽ እህቴ፣ ከሰማችሁበት ቀን ጀምራችሁ አልቅሱ። ለሥራ ቦታችሁ "ገና ዛሬ ሰማሁ" በሉ። አታፍሩ።

ሁለተኛ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂዱ። መቃብሩን እዩ። የቀበሩትን ሰዎች አመስግኑ። በመጨረሻው ሰዓት አጠገቡ የነበረውን ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። መሄድ ካልተቻለ ደውሉና ጠይቁ። ያልተሰማ ነገር በሌሊት ከእውነቱ የከፋ ሆኖ ይታያል።

ሦስተኛ፣ ጸጸት ለመክፈል ተብሎ በብድር ተዝካር አይደገስ። ዋናው ጸሎቱና ለደሃ የሚሰጠው ነው፤ አንድ እንጀራም ለነዳያን ይበቃል። ተዝካር የማያወጡ ፕሮቴስታንት ወገኖቻችንም ከቤተ ክርስቲያናቸው ጋር የማጽናኛ ጸሎት መያዝ ይችላሉ።

አራተኛው ለጓደኞች ነው። የኢዮብን ሦስት ወዳጆች አስታውሱ። መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ከእሱ ጋር ዝም ብለው ተቀመጡ። ይህን ያህል ድረስ የሚመሰገኑ ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው "መከራው በኃጢአትህ ነው" ማለት ሲጀምሩ ነው የተበላሸው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው። ስለዚህ "የእሱ ፈቃድ ነው፣ አትማረሪ" ብላችሁ ለመሄድ አትቸኩሉ። ንፍሮ ይዛችሁ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ስለ እናቷ ጠይቋት፣ ስማቸውን አንሡላት። በሦስተኛው ቀን የሄዳችሁ በሦስተኛው ወርም ሂዱ።

አምስተኛ፣ ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር ስብከት አልላከለትም። መልአኩ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ አበላው፣ መልሶ አስተኛው። ሐዘንተኛ ሥጋም አለው። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ "ሞቼ ልገላገል" የሚል ሰው ካያችሁ ብቻውን አትተዉት። ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም ውሰዱት። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። "እብድ እባላለሁ" ተብሎ አይፈራ። ጸበሉም ሐኪሙም በአንድ ሰው ላይ አይጣሉም።

ልጅቷ ዛሬም ፀጉር ቤት ትሠራለች። በመስቀል ሰሞን፣ ሌላው ደመራ ሲያበራ፣ እሷ ንፍሮ ቀቅላ ለጎረቤት ትበትናለች። ሠርግም ትሄዳለች፤ መጀመሪያ ላይ ከበሮው ሲመታ ትወጣ ነበር፣ አሁን ትቀመጣለች። ይህን ስትነግረኝ "ገና አልጨፈርኩም" አለችኝና ፈገግ አለች። አትቸኩሏት።

እናንተም በሰፈራችሁ መርዶ ዘግይቶበት ለቅሶውን ብቻውን ያለቀሰ ሰው ካለ፣ ከሞቱ ስንት ጊዜው እንደሆነ ሳትቆጥሩ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ለቅሶ ድረሱት። ቸር ሰንብቱ።