የጭቃ ልጅ ወይስ የዜውስ? ወንደር ውመን በግሪክ አፈ ታሪክ

የጥንት ግሪኮች ስለ ጦረኞቹ ሴቶች፣ ስለ አማዞኖች፣ ብዙ ተርከዋል፤ መጨረሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽንፈት ነው። ሄርኩለስ በዘጠነኛው ገድሉ የንግሥት ሂፖሊታን መቀነት ይወስዳል፤ አኪሊስም በትሮይ ጦርነት ፔንቴሲሊያን ይገድላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሞልተን ማርስተን እ.ኤ.አ. በ1941 የኮሚክስ ጀግናዋን ወንደር ውመንን ሲፈጥር ትረካውን ከተሸናፊዎቹ ወገን ሆኖ ጀመረው።

በእሱ ድርሰትና በሃሪ ፒተር ሥዕል፣ ሄርኩለስ አማዞኖቹን አታሎ በሰንሰለት ያስራቸዋል። በአፍሮዳይት ርዳታ ነፃ ወጥተው ወንድ ወደማይረግጠው ደሴት ይሄዳሉ፤ በእጃቸው የሚያጠልቁት አምባርም የዚያ እስር ማስታወሻ ነው። ልጅ የናፈቃት ሂፖሊታ ከጭቃ ሕፃን ትሠራለች፤ አፍሮዳይት ሕይወት ትሰጣታለች። ወንደር ውመን የምትሆነው ይህች ልጅ፣ ዲያና፣ እናት እንጂ አባት የላትም።

የማርስተን አፈ ታሪክ የግሪኩንና የሮማውን የቀላቀለ ነበር፤ የጦርነቱን አምላክ በሮማዊ ስሙ «ማርስ» ይለዋል። ደራሲው በ1947 ከሞተ በኋላ አማልክቱ እየደበዘዙ ሄዱ። በ1968 ወንደር ውመን ጭራሽ ኃይሏን ተነጥቃ፣ እንደማንኛውም ሰው ለብሳ በካራቴ የምትፋለም ሆነች። በ1972 በሴቶች መብት ታጋይዋ በግሎሪያ ስታይነምና በባልደረቦቿ የተመሠረተው «ሚዝ» መጽሔት የቀድሞዋን ጀግና በሽፋኑ ይዞ ወጣ፤ በዓመቱ ኃይሏ ተመለሰላት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1987 ነው። ሠዓሊና ደራሲ ጆርጅ ፔሬዝ ከግሬግ ፖተርና ከሌን ዊን ጋር ታሪኩን ከሥሩ ሲጀምር ማርስን በአሬስ ተካ። ደሴቲቱንም «ቴሚስኪራ» አላት። ስሙን ያገኘው ግሪኮች በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬዋ ሰሜን ቱርክ፣ ነበረች ከሚሏት የአማዞኖች ከተማ ነው። በእሱ ትረካ አማዞኖች በወንዶች እጅ የተገደሉ ሴቶች ነፍሳት ናቸው፤ አምስት እንስት አማልክት ከሞት አስነሥተዋቸዋል። ዲያና ወደ አሜሪካ ስትመጣ እንግሊዝኛ አታውቅም። የግሪክ ታሪክ ምሁሯ ጁሊያ ካፓቴሊስ ታስተምራታለች። አሬስም ዘመኑን ይመስላል፤ ሁለቱን የቀዝቃዛው ጦርነት ኃያላን በኑክሌር ሊያጫርስ ያሴራል።

ፔሬዝ «ዲያና» የሚለውን ሮማዊ ስምና የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ የሚመስለውን ልብስ እንኳ ያለምክንያት አልተዋቸውም። በደሴቲቱ ላይ ለአማዞኖች ስትዋጋ የሞተች ዲያና ትሬቨር የተባለች አሜሪካዊት አብራሪ ፈጠረ፤ ልዕልቲቱ ስሟንም የልብሷን መልክም የወረሰችው ከእሷ ነው።

በ2011 ደራሲ ብራያን አዛሬሎና ሠዓሊ ክሊፍ ቺያንግ ይህን መሠረት ነቀነቁት። የጭቃው ታሪክ ሂፖሊታ ልጇን ከዜውስ ሚስት ከሄራ ቅናት ለመሸሸግ የፈጠረችው ሆነ፤ ዲያና የዜውስ ልጅ ናት። አማልክቱ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ቤተሰብ ሲሆኑ፣ ሐዲስ በራሱ ላይ ሻማ የሚነድበት፣ ፖሲዶን ደግሞ ግዙፍ የባሕር ፍጡር ተደርጎ ተሣለ። ሥዕሉ ብዙ አድናቂ አገኘ። አባት የሌላትን ጀግና የወንድ አምላክ ልጅ ማድረጉ ግን ብዙ የቆዩ አንባቢዎችን አስቆጣ። ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው የፓቲ ጄንኪንስ የ2017 ፊልምም ይህንኑ የዜውስ ሐረግ ተከተለ።

ደራሲ ኬሊ ሱ ዴኮኒክ በ2021 በጀመረችው «ሂስቶሪያ» ዲያናን ትታ ወደ እናቶቿ ተመለሰች። በፊል ሂሜኔዝ፣ በጂን ሃና በኒኮላ ስኮት በተሣሉት ሦስት መጻሕፍት እንስት አማልክቱ አማዞኖችን ከዜውስ ተደብቀው ይፈጥራሉ። ሂፖሊታ ደግሞ ገና ንግሥት አይደለችም፤ የተወለደችን ሴት ሕፃን ሜዳ ላይ እንድትጥል የታዘዘች አዋላጅ ናት።