አመድ የሚፈራው ምድጃ

የክረምቱ በረዶ አልፎ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የጓሮ ጥብስ ሲጀመር፣ ግሪሉን ከፍቶ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ከክዳኑ የውስጥ ገጽ ጥቁር ቅርፊት ተልጦ ይንጠለጠላል፤ ትንሽ ሲነካ ደግሞ ስጋ በሚያርፍበት ፍርግርግ ላይ ይረግፋል። «ቀለሙ ለቀቀ፣ ከእንግዲህ አይበላበትም» ይባልና ደህናው ዕቃ ከቆሻሻ ጋር መንገድ ዳር ይወጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያ ቅርፊት ቀለም አይደለም። ከስጋው የተነሳ የስብ ጢስ ክዳኑ ላይ እየተጋገረ፣ በየጥብሱ እየተቃጠለ ከሰል የሆነ ጥላሸት ነው። ከሥሩ ያለው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ደህና ነው።

ስለ ባለክዳኑ ክብ የከሰል ግሪል ነው የማወራው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ ውስጥ ዌበር ብራዘርስ በተባለ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን ነው ያበጀው። ፋብሪካው ውኃ ላይ እየተንሳፈፉ ለመርከቦች ምልክት የሚሆኑ ክብ ብረቶች ይሠራ ነበር። ስቲቨን በክፍት ምድጃ ሲጠብስ ነፋሱ ስላስቸገረው፣ ያን ክብ ቅርጽ ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን ባለእግር ጎድጓዳ ምድጃ፣ የላይኛውን ባለእጀታ ክዳን አደረገው። ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ አለው፤ ሲከፈት ከሰሉ ይግማል፣ ሲዘጋ ይታፈናል። ሙቀቱ ከክዳኑ ተመልሶ ስለሚወርድ ስጋው ከየአቅጣጫው ይበስላል። ዛሬ ዌበር በሚል ስም የሚሸጠው ይኸው ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ቅርጹን ወስደው ይሠሩታል።

ደህና ተደርጎ የተሠራው ክብ ግሪል የሚያብለጨልጨው ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ ልባሱ ኢናሜል ነው። ኢናሜል ማለት ብርጭቆ ነው። ደቅቆ የተፈጨ ብርጭቆ ብረቱ ላይ ተረጭቶ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የጋለ እቶን ውስጥ ሲገባ፣ ይቀልጥና ከብረቱ ጋር አንድ ይሆናል። አገር ቤት ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን ነጭ የብረት ሳህን የማያውቅ የለም፤ እሱም ኢናሜል ነው። ያ ሳህን ስንት ዓመት ሲታጠብ ኖሮ ምንም አይሆንም። አንድ ቀን ወድቆ ጫፉ ሲፈነቀል ግን ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል፤ ዝገቱም ከዚያች ነጥብ ይነሳል። የግሪሉም ጠባይ እንዲሁ ነው። እሳት አይጎዳውም፣ ፀሐይ ቀለሙን አታደበዝዘውም። የሚፈራው ምትንና ድንገተኛ ቅዝቃዜን ነው። ጥብሱ ሲያልቅ እሳቱን ለማጥፋት ውኃ የሚደፉበት አሉ፤ የጋለ ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውኃ ሊሰነጠቅ ይችላል። ክዳኑን ከድኖ ቀዳዳዎቹን መዝጋት ይበቃል።

ከሁሉ የባሰው ጠላት ግን አመዱ ነው። አመድ ደርቆ ሲታይ ምንም የማያመጣ ይመስላል። ነገር ግን እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት ያለምክንያት አልነበረም፤ ፖታሲየም ካርቦኔትና የካልሲየም ውህዶች ስላሉበት ውኃ ሲነካው ቅባት የሚበላ አልካሊ ይሆናል። ድስቱን ያጸዳው ኃይል ግሪሉ ሥር ለወራት ሲቀመጥ ብረት ወደ መብላት ይዞራል። ዝናብ ባይገባም እንኳ አመዱ ራሱ ከአየር እርጥበት ይስባል። የአየር መዝጊያዎቹና የአመድ መቀበያው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ናቸው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በአልካሊ ይበላል። መስከረም ላይ ጥብሱን ጨርሶ፣ አመዱን ሳያወጣ ግሪሉን ሸፍኖ የተወ ሰው በሚያዝያ ሲከፍት፣ ከጎድጓዳው ወለል ላይ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ግራጫ ጋገራ ያገኛል። መዝጊያውም አልንቀሳቀስ ይላል። ያን ጋገራ ሲፍቁት አብሮ የሚነሳው ነጭ ዱቄት የአሉሚኒየሙ ዝገት ነው።

ስለዚህ ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል አመዱን ማውጣትን እመርጣለሁ። በየጥብሱ ማግስት፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ይውጣ። ፌስታልና የካርቶን ሣጥን አይሆኑም፤ አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም እስከ ማግስቱ ድረስ ሊቆይ ይችላል።

ወደ ቅርፊቱ ልመለስ። ግሪሉ ለብ ሲል፣ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል በእጅ ይዞ ክዳኑን ከውስጥ ማሸት ነው፤ ጥላሸቱ ተልጦ ተልጦ ይወርዳል። የቀረውን የፕላስቲክ መፋቂያ፣ ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ሳሙና ይጨርሱታል። እስኪያበራ መፈተግ አያስፈልግም፤ ቡናማ ሆኖ የተጣበቀው ስስ ሽፋን ምንም አይጎዳም፣ ልጣጩ ብቻ ይውረድ። ለምድጃ ማጽጃ የሚሸጠውን ኃይለኛ መርጫ ግን አልመክርም። ብዙዎቹ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ አለ፤ ከአመዱም የባሰ አልካሊ ስለሆነ መዝጊያዎቹን ይጎዳል። የውጩ ገጽ ብርጭቆ ነውና እንደ መስኮት ነው የሚጸዳው፤ ሲቀዘቅዝ የመስታወት ማጽጃ ረጭቶ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል።

የኛ ሰው ጥብስ ግሪሉን የሚያቆሽሽበት የራሱ መንገድ አለው። በአዋዜ የታሸ ጎድን፣ ንጥር ቅቤ የተቀባ ዶሮ ሲሆን የሚንጠባጠበው ብዙ ነው፤ በርበሬውም ከስቡ ጋር የጎድጓዳውን ግድግዳ ይዞ ይጋገራል። ይህ ለዓይን ብቻ አይደለም የሚከፋው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለግሪል ቃጠሎ መነሻ ናቸው ከሚላቸው አንዱ ግሪሉን አለማጽዳት ነው፤ ቃጠሎው የሚበረክተውም ሁሉም ሰው በሚጠብስበት በጁላይ ወር ነው። ስቡ ሲጠራቀም አንድ ቀን እሱ ራሱ ይቀጣጠላል፤ ያኔ ክዳን ከድኖ አየር መከልከል እንጂ ውኃ አይሞከርም።

ፍርግርጉን በሽቦ ብሩሽ ለሚያጸዱም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ያወጣው ሪፖርት በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ፣ ከብሩሽ የረገፈ ሽቦ ከጥብስ ጋር ውጠው ሆስፒታል የገቡ 6 ሰዎችን ይዘረዝራል። ስለዚህ ከተፈተገ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ግዴታ ነው፤ ልጆች የሚበሉበት ከሆነ ሽቦውን ጨርሶ መተው ይሻላል።

የጋዝ ግሪል ጣጣው ሌላ ነው። አካሉ ስቴንለስ ከሆነ በብረቱ ጭረት አቅጣጫ ይወለወላል፤ የቅባት መቀበያ ትሪው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይደፋል። ስቴንለስ አይዝግም የሚለውን ማመን አያስፈልግም፤ ጨውና የባሕር አየር ያዝጉታል።

የከሰሉም ሆነ የጋዙ ግሪል ሽፋን የሚለብሰው ደርቆ ነው። እርጥብ ግሪል ላይ የተጎተተ ፕላስቲክ እርጥበቱን ያፍናል፤ እንዲህ ከተሸፈነ ባይሸፈን ይሻለው ነበር። ኢናሜሉ የተፈነቀለ እንደሆነ በውጭ በኩል ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ቀለም መንካት ይቻላል። በውስጥ በኩል ግን ምግብ ያለበት ነውና ቀለም አይገባም፤ ዝገቱን ፍቆ፣ የተጋለጠውን ብረት በጥቂት የምግብ ዘይት አብሶ ከሰል ማቀጣጠል ነው። ዘይቱ ተቃጥሎ ስስ ጥቁር ሽፋን ይሆነዋል፤ በየወሩ ቢደገም ያቺ ነጥብ ብዙ አትሰፋም።