በጋምቤላ የስደተኞች ጤና አገልግሎት አሠራር

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ክልል ካፈለሰ ወዲህ፣ እንደ ኩሌና ቴርኪዲ ባሉ መጠለያዎች የሚሰጠው የጤና አገልግሎት የክልሉ የጤና ሥራ ዐቢይ ክፍል ሆኗል። አገልግሎቱ ስደተኝነታቸው የታወቀላቸውንም፣ ማመልከቻቸው ገና ውሳኔ ያላገኘውን ጥገኝነት ጠያቂዎችንም ያቅፋል።

ሥራው የሚጀምረው ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ በመግቢያ ኬላው ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃናት የግራ ክንዳቸው፣ በትከሻና በክርን መካከል ባለው እኩሌታ ላይ፣ ባለ ቀለም መለኪያ ጥብጣብ ይጠመጠምበታል፤ ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጥብጣቡ ቀይ ያሳያል፣ ይህም ሕፃኑ በከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት መጎዳቱን ያመለክታል። ባለሙያው የሁለቱንም እግሮች የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣቱ ለአፍታ ተጭኖ ሲለቅ ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቆየ፣ የክንዱ ልኬት ደህና ቢሆን እንኳ የሰውነት እብጠት መኖሩ ስለሚታወቅ ሕፃኑ ወደ ሕክምና ይገባል። ቀጥሎ በኦቾሎኒ ቅቤና በወተት ዱቄት የተዘጋጀው ፕላምፒ ነት ይቀርብለታል፤ የምግብ ፍላጎት ካለውና ሌላ ከባድ ሕመም ካልተገኘበት ምግቡን ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ በተመላላሽነት ይታከማል፣ አለዚያ ግን ሐኪሞች በቅርብ ወደሚከታተሉበት የማረጋጊያ ማዕከል ተኝቶ እንዲታከም ይላካል።

ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ ሲሰፍር ኩፍኝ በፍጥነት ስለሚዛመት፣ ክትባቱ ከመጀመሪያዎቹ ተግባራት አንዱ ነው። ከዚያ ባሻገር የብዙ ሌሎች በሽታዎች ምንጭ ውኃና መጸዳጃ ነው፤ በተበከለ ውኃ የሚተላለፈውና በተለይ ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ የሆነው የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ኢ፣ በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. በጋምቤላ መጠለያዎች መከሰቱ ይህን አሳይቷል። በዚህም ምክንያት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰዎችም አንድ መጸዳጃ እንዲኖር የሚጠይቀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ርዳታ መለኪያ ከመድኃኒት አቅርቦት ተለይቶ አይታይም።

የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በተግባርም ከመጠለያው ጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነ ሕመምተኛ የአካባቢው ነዋሪ ወደሚታከምበት ሆስፒታል በሪፈር ስለሚላክ፣ ሆስፒታሉን ማጠናከር ስደተኛውንም ባለአገሩንም እኩል ይጠቅማል።